የጣሳዋ ቡገንቪላ፦ ወጣት ቦንሳይ እንዴት ይከረከማል?



ባለፈው ጉዞዬ ከጅቡቲ ከተማ ወደ እናንተ ስመጣ በዘይት ጣሳ የተተከለች ትንሽ ዛፍ አቅፌ መምጣቴን ታስታውሳላችሁ። አንዷ ተማሪ እጇን አንሥታ «ቲቸር፣ ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለችኝ። «ስድስት ዓመት» ስላት ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቁመቷ ከአንድ ክንድ አይበልጥምና አልፈርድባችሁም። ወዲያው ከኋላ መቀመጫ አንድ ድምፅ «እሷም እንደኛ በራሽን ነው እንዴ የምትኖረው?» አለ። ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ። ልጁ የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይህች ዛፍ ትንሽ የሆነችው ስለተራበች ነውን? መልሱ «አይደለም» ነው። ነገር ግን ባዶ «አይደለም» ለተማሪ አይበቃምና ነገሩን ከነምክንያቱና ከነአሠራሩ ላስረዳችሁ ተነሣሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የአትክልት ባለሙያ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ሂሳብ ለመማር ነበር፤ እሱንም ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬዋለሁ። ስለ ዛፍ የማውቀውን ያወቅሁት ጅቡቲ ከመጣሁ በኋላ ሲሆን፣ ያስተማሩኝም አንድ አዛውንት አትክልተኛ፣ በእጄ የገቡ ጥቂት መጻሕፍትና በገዛ እጄ የገደልኳቸው ሁለት ተክሎች ናቸው። ከሦስቱ ይበልጥ ያስተማሩኝ የሞቱት ናቸው።

«ቦንሳይ» የጃፓን ቃል ነው፤ በዝርግ ሳህን ላይ የተተከለ ማለት ነው። ሙያው ግን ከጃፓን በፊት በቻይና ነበረ። በ706 (እ.ኤ.አ.) በተሠራ የአንድ የቻይና ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ አገልጋዮች ትንንሽ ተክልና ድንጋይ ያለበት ሳህን ተሸክመው ሲሄዱ ተሥሎ ይታያል። እንግዲህ ነገሩ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው።

ብዙ ሰው ቦንሳይ የተለየ የድንክ ዛፍ ዘር ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የእኔን ቡገንቪላ ዛሬ ከጣሳዋ አውጥቼ አምቡሊ ወንዝ ዳር ካሉት የአትክልት ቦታዎች በአንዱ ብተክላት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አጥር ዘልላ ጣራ ላይ ትወጣለች። በተፈጥሮዋ አንዳች የጎደላት ነገር የለም። ትንሽ ያደረጋት የሥሯ ቦታ መወሰኑና ቅርንጫፏ በየጊዜው መቆረጡ ነው። ምግቧንና ውሃዋን ግን በልኳ ታገኛለች። የተራበ ዛፍ ሌላ ነው፤ እሱ የቀጨጨ ይባላል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቀንበጡ ይቀጥናል፣ ብትቆርጡት መልሶ አያቆጠቁጥም። ደህና የተያዘ ቦንሳይ ግን ብትቆርጡት በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ከየጎኑ ቡቃያ ያወጣል። መቀስን የሚችለው የጠገበ ዛፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከኋላ ለተቀመጠው ልጅ መልሴ ይኸው፦ ራሽኗ ሙሉ ነው፤ የምትኖረው ግን በጠባብ ቤት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ማየት የፈለገ ከጅቡቲ ከተማ ወደ አሊ ሳቢህ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ግራሮች ይመልከት። ፍየል በየዓመቱ ቀንበጣቸውን ትቀነጥባለች፤ ንፋሱ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያስተኛቸዋል። ከዚህም የተነሣ ግንዳቸው ወፍራም፣ ቁመታቸው አጭር፣ አናታቸው ጠፍጣፋ ነው። ጃፓኖች በንፋስ የተገፋ ዛፍ የሚመስለውን ቅርጽ ለብቻው ስም ሰጥተው ዓመታት ይደክሙበታል። እዚህ ፍየልና ንፋስ ያለ ደመወዝ ይሠሩታል።

አሁን ወደ ቡገንቪላ እንምጣ። በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያደገ ወይም ያለፈ ሰው አበባዋን በደንብ ያውቃታል። በጅቡቲ ከተማም ሄሮንና ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባሉት ሰፈሮች በግቢ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች። አገሯ ግን ደቡብ አሜሪካ ነው። ስሟን ያገኘችው ቡገንቪል ከሚባል የፈረንሳይ የባሕር አዛዥ ነው። ይህ ሰው ከ1766 እስከ 1769 (እ.ኤ.አ.) ዓለምን በመርከብ ሲዞር ኮመርሶን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ አብሮት ነበር፤ ተክሏ የተገኘችውም በ1767 በብራዚል በሪዮ ዴ ጃኔሮ አካባቢ ነው። ሴት ተማሪዎች ይህን ስሙ፦ የኮመርሶን ረዳት ሆና ተክል ስትሰበስብ የነበረችው ዣን ባሬ የምትባል የገበሬ ልጅ ነበረች። ሴት በመርከብ መሄድ ስለተከለከለች እንደ ወንድ ለብሳ ነበር የተሳፈረችው። ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ መሆኗ የሚታወቀው ሴት እሷ ነች። ተክሏ ግን በአዛዡ ስም ተጠራች። ለባሬ ስም በአንድ ተክል ላይ የወጣላት በ2012 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ስለ አበባዋም አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ የምናየው ክፍል አበባ አይደለም፤ አበባውን የሚያጅቡ ሦስት ቀለማም ቅጠሎች ናቸው። እውነተኛው አበባ በመካከላቸው የቆመው ትንሽ ነጭ ቱቦ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስታገኙ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ።

ለጅቡቲ ከቡገንቪላ የተሻለ የጣሳ ዛፍ አላገኘሁም። እዚህ ከተማ የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በበጋው ወራት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ድረስ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ንፋስም አሸዋ ይዞ ይመጣል። ቡገንቪላ ፀሐይን ትወዳለች፣ ጥቂት ጨውን ትታገሣለች፣ ውሃ ጥቂት ቢያንሳት አትሞትም። እንዲያውም ጥቂት ካልጠማች ደህና አድርጋ አታብብም።

የእኔ ታሪክ እንዲህ ነው። ጅቡቲ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሀገራችን ሰው፣ የወሎ አዛውንት፣ ሄሮን ውስጥ በዘበኝነትና በአትክልተኝነት ያገለግሉ ነበር። «ጋሼ» ነበር የምላቸው። የአጥሩን ቡገንቪላ በከረከሙ ቁጥር ቁራጩን ከምረው ለቆሻሻ መኪና ያወጡታል። አንድ ቀን ከክምሩ አንድ አውራ ጣት የሚያክል ግንድ ሳነሣ አዩኝና «ለማገዶ ከሆነ ይጤሳል፤ ለመትከል ከሆነ ግን ጥላ ሥር አቆይልኝ» አሉኝ። ያቺ ቁራጭ ናት ዛሬ በጣሳ የምታዩአት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሬአለሁ። ፍራሽ የተውኩበት ጊዜ አለ፤ እሷን ግን በእቅፌ ይዤ ወጥቻለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለ ግንድ ነበር። ወጣት ቡገንቪላ ቀጭን ናት። ከጣት የማይወፍር ግንድ ላይ ምንም ያህል ቢከረከም ዛፍ አይመስልም፤ በጣሳ የተሰካ ዱላ ነው የሚመስለው። ግንድ እንዲወፍር ደግሞ ብዙ ቅጠል ያስፈልጋል፤ ቅጠል የሚሠራው ምግብ በቅርፊቱ በኩል ወደ ታች ሲወርድ ነው ግንዱ ሥጋ የሚያወጣው። ስለዚህ ከታች በኩል ያለ አንድ ቅርንጫፍ ተመርጦ ሳይነካ ይተዋል። የፈለገውን ያህል ይረዝማል። የቦንሳይ ሰዎች የመሥዋዕት ቅርንጫፍ ይሉታል፤ ግንዱን አወፍሮ ሲጨርስ ይቆረጣልና። የእኔ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ረዝሞ የክፍል ጓደኞቼ ካልሲ ያሰጡበት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አስቀያሚ ሆና ነው የኖረችው። ለመቁረጥ በመጣሁ ጊዜ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ከዛፏ ሁሉ ያማረው ቅርንጫፍ እሱ ነበር። ጋሼን ስጠይቃቸው «ሥራውን ጨርሷል» አሉና መቀሱን ወረወሩልኝ። ጠባሳው ከግንዱ በስተጀርባ አሁንም አለ፤ ጣታችሁን ብታስኬዱበት ታገኙታላችሁ።

መቼ ይከረከማል? በጅቡቲ መልካሙ ጊዜ ካምሲን ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ያን ጊዜ ዛፏ የበጋውን መከራ አልፋ አዲስ ጉልበት ይዛለች፤ ከፊቷም ቀዝቀዝ ያሉት ወራት አሉ። ይህን ያወቅሁት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያዋን ተክሌን በሐምሌ ወር ራቁቷን እስክትቀር መልምዬ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አስቀመጥኳት። ጥላ የሚሆናት ቅጠል የለም፤ ጣሳው ብረት ነው፤ ከሥሩም የጋለ ቆርቆሮ አለ። በአራተኛው ቀን አፈሩን ስነካው ሻይ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ የነካሁ መሰለኝ። ሥሯ ተቀቅሎ ነበር። ስለዚህ እናንተ ዘንድ ጣሳው በበጋ በእርጥብ ጆንያ ይጠቅለል፣ ከመሬትም በሁለት ድንጋይ ከፍ ይበል። ቅጠሏ ፀሐይ ይምታው እንጂ ሥሯ ፀሐይ አይወድም።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ። በቋንቋችን ሁለት ቃላት አሉ፤ ሁለቱም እዚህ ያስፈልጉናል። መከርከም ማለት ጫፍ ጫፉን እየቆረጡ ማስተካከል ነው፤ ፀጉር እንደሚከረከም። መመልመል ግን ቅርንጫፉን ከነመሠረቱ ማስወገድ ነው። (ወጣት ለጦር መመልመልም በዚያው ቃል መጠራቱን ከመካከላችሁ የሚያውቅ አይጠፋም። ከእኛ መንደር የተመለመሉት ስንት እንደተመለሱ እዚህ አልጽፍም።) በወጣት ቦንሳይ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው መመልመል ነው፤ መከርከም ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ሥራ ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ተመልከቱ። ጋሼ ይህን ሲያስተምሩኝ መቀሱን ከእጄ ወስደው «አንተ ልጅ፣ መቀስ የያዘ ሰው ዓይኑ ይታወራል፤ አስቀምጥና ዙራት» ነበር ያሉኝ። እኔም ጣሳውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ዞርኳት። ዛፏ ፊትና ጀርባ አላት። ፊቷ ግንዱ ከሥሩ ጀምሮ በደንብ የሚታይበት፣ ሥሮቹም ወደ ግራና ቀኝ ተዘርግተው መሬት የጨበጡ የሚመስሉበት ጎን ነው። ፊቷን ስትመርጡ በጣሳው ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ፤ ካለዚያ ነገ ሌላ ፊት ትመርጣላችሁ። እኔ መርጬ ስጨርስ መሽቶ ነበር፤ በዚያን ቀን አንድም ቅጠል አልቆረጥኩም።

ከዚያ የሚወገዱትን ለዩ። ከአንድ ነጥብ ሦስትና አራት ሆነው የሚወጡ ቅርንጫፎች ካሉ አንዱን አስቀርታችሁ ሌሎቹን መልምሉ፤ ሁሉም ከቀሩ ያ ቦታ አብጦ እንደ ዕጢ ይሆናል። ሁለት ቅርንጫፎች በአንድ ቁመት ግራና ቀኝ ትይዩ ከወጡ ዛፏ እጁን የዘረጋ ሰው ትመስላለችና አንዱ ይሂድ። ወደ ውስጥ ዞሮ ሌላውን የሚያቋርጥ፣ ከቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ሽቅብ የሚያድግ፣ ከሥር ተንጠልጥሎ ወደ መሬት የሚወርድም እንዲሁ። ግንዱ ሲጣመም ከጥምዝዙ የውጭ ጎን የወጣው ቅርንጫፍ ይቀራል፤ ከውስጥ ጎን የወጣው ይወገዳል። የታችኛው የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ከዛፏ ቁመት ሲሦ ገደማ ላይ ቢሆን ለዓይን ይስማማል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ እየቀጠኑና እያጠሩ ይሄዳሉ። በረሃ ላይ የቆመ ትልቅ ዛፍ ከሩቅ ስታዩ እንዲህ አይደል የሚታየው?

ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨርሱ። ያመነታችሁበትን ቅርንጫፍ ተዉት። የተተወ ቅርንጫፍ በሚቀጥለው ዓመትም ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ግን አይቀጠልም። ከጠቅላላ ቅጠሏ ከግማሽ በላይ በአንድ ጊዜ ባይወሰድ ደስ ይለኛል። ቡገንቪላ ከዚህ የበለጠ ቆረጣ ትችላለች የሚሉ መጻሕፍት አሉ፤ እነሱ የተጻፉት ግን ለሌላ አየር ነው።

የት ላይ ይቆረጣል? ቅጠል ከግንድ በሚገናኝበት ጉያ፣ እሾሁ ካለበት አጠገብ፣ አንድ የተኛች ቡቃያ አለች። አትክልተኞች ዓይን ይሏታል። አዲሱ ቀንበጥ የሚወጣው ከመቁረጫው በታች ካለችው የመጨረሻ ዓይን ነው፤ አቅጣጫውም ዓይኗ የምታይበት አቅጣጫ ነው። ዓይኗ ወደ ግራ ካየች ቀንበጡ ወደ ግራ፣ ወደ ውጭ ካየች ወደ ውጭ ይሄዳል። እንግዲህ መቀስ የያዘ ሰው ቅርንጫፍ ብቻ አይደለም የሚቆርጠው፤ የሚመጣውን ዓመት መንገድ እየመረጠ ነው። ከዓይኗ ትንሽ ከፍ ብላችሁ፣ የሩብ ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ። ቡገንቪላ ከመቁረጫው ወደ ታች ጥቂት የመድረቅ ጠባይ አላት፤ በጣም አስጠግታችሁ ከቆረጣችሁ ዓይኗም አብራ ትደርቃለች።

ዓይኖቹ ለምን ተኝተው እንደሚኖሩ ጠይቃችሁ ከሆነ ጎበዞች! የቀንበጡ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል። ይህም ወደ ታች እየወረደ የጎን ዓይኖች እንዳያድጉ ያግዳቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ እገዳው ይነሣል፤ አንድ የነበረው ቀንበጥ ሁለትና ሦስት ሆኖ ይወጣል። ቅርንጫፍ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። አዲሱ ቀንበጥ አምስት ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል መልሱት። ይህን በየጊዜው የደጋገመ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ አናት ያገኛል።

መቀሱ ስለት ያለው ይሁን፤ ካልተገኘ አዲስ ምላጭ ለቀጭን ቀንበጥ ይበቃል። የቡገንቪላ እንጨት ለስላሳ ነው፤ ትልቅ ቁስል ውሃ ከገባበት ወደ ውስጥ ይበሰብሳል። ከእርሳስ የወፈረ ነገር ስትቆርጡ ቁስሉን በምላጭ አስተካክሉና የቀለጠ ሻማ ጠብ አድርጉበት። እሾሁን ደግሞ አትናቁት። ከወጋችሁ ቶሎ በሳሙና ታጠቡ፤ ያመረቅዛል።

መቀስ ያላደረገውን ሽቦ ያደርገዋል። እዚህ ከተማ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚወጣ የመዳብ ሽቦ እንጠቀማለን። ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሦ ያህል ሆኖ በሰያፍ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ቅርንጫፉ በሁለት እጅ ተይዞ ቀስ እያለ ይታጠፋል። ቡገንቪላ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀንበጧ አረንጓዴ ሳለ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ወደ ቡናማ ሲለወጥና ሲጠነክር ቀጭ ይላል! ስለዚህ ቀንበጡ በልጅነቱ ይሠራ። ላመለጣችሁና ለደረቀ ቅርንጫፍ ሽቦ ትታችሁ ጫፉን በሲባጎ ወደ ጣሳው ጠርዝ ጎትቱት፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያጠበቃችሁ። ሽቦው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይታይ። ዛፏ ፈጥና ስለምትወፍር ሽቦ ቅርፊት ውስጥ ይገባና ለዓመታት የማይጠፋ ጠባሳ ይተዋል። ሲወጣ በጉጠት እየተቆራረጠ ይውጣ። ሽቦ ለማዳን ሲባል ከተፈታ ቅርንጫፍ ይሰበራል፤ እኔ አምስት ሳንቲም የማታወጣ ሽቦ ላድን ብዬ የሦስት ዓመት ቅርንጫፍ ሰብሬአለሁ።

ጣሳውን በሚመለከት፦ ከሥሩ በምስማር አራት አምስት ቀዳዳ ይበሳ። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ግማሽ የወንዝ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር፣ ግማሽ አፈር ይሁን፤ በደንብ የበሰበሰ የፍየል በጠጥም ይጨመርበት። አሸዋው ከደረቅ ወንዝ እንጂ ከባሕር ዳር አይሁን፤ የባሕሩ ጨው ይዟል። ያልበሰበሰ በጠጥ ሥር ያቃጥላል። በጠጥ ከበዛ ደግሞ ቅጠል ብቻ ታወጣለች፤ አበባ አትሰጥም። ጣሳ በምትቀይሩበት ጊዜ የሥሩን አፈር አታራግፉ። ሁለተኛዋን ተክሌን የገደልኩት እንደዚያ ነው፤ መጽሐፍ ላይ የጥድ ሥር ሲራገፍ አይቼ የእሷንም አራገፍኩ። የቡገንቪላ ጥሩ ሥር እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ በቀላሉ ይበጠሳል። አፈሩ እንደተጨበጠ ከጣሳው ወጥቶ እንዳለ ወደ ሌላው ይግባ።

እነሆ ወደ ውሃ ደረስን። እናንተ ዘንድ ዛፏን ይዤ በቦኖው አጠገብ ሳልፍ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉ አንዲት እናት «ልጄ፣ ሰው የሚጠጣው አጥቶ አንተ ለአበባ ታጠጣለህ?» አሉኝ። ምንም አልመለስኩም። እውነታቸውን ነው። በቤታችሁ የመጠጥ ውሃ በሚጎድልበት ቀን ለዛፍ ውሃ የሚሰጥ ተማሪ ካለ ይህን ጽሑፍ በደንብ አላነበበም። ነገር ግን ሩዝ የታጠበበት፣ አትክልት የተለቀለቀበት፣ ያለ ሳሙና እጅ የታጠቡበት ውሃ አለ። የዘይት ጣሳ የምታክል ቤት ላላት ዛፍ በበጋ በቀን ግማሽ ሊትር፣ በቀዝቃዛው ወራት በሁለት ቀን አንዴ ይበቃል። ማጠጣት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። በርኅራኄ ብዛት በውሃ የሰመጠች ቡገንቪላ በጥም ከሞተችው ትበዛለች።

የጅቡቲ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ከኢትዮጵያ የሶማሌ ክልል ጣፋጭ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ተመርቋል፤ ሁሉም ሰፈርና ሁሉም ቧንቧ ግን አንድ ዓይነት ውሃ አያመጣም። የአፈሩ ገጽና የጣሳው ጠርዝ ነጭ ነገር ካወጣ ጨው ነው። ያን ጊዜ ገጹን ጥረጉና፣ ዝናብ በጣለ ቀን ጣሳውን ደጅ አውጥታችሁ ውሃው በቀዳዳው እስኪፈስስ አስመቱት።

ከዚህ በላይ ካልኳችሁ ሁሉ አስቸጋሪው ምርጫ አበባን የሚመለከት ነው። ቡገንቪላ የምታብበው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ነው። ዘወትር ጫፉን የሚቆርጥ ሰው ቅርጽ ያገኛል፣ አበባ ግን አያይም። ቀንበጡን የሚተው ሰው አበባ ያገኛል፣ ቅርጹ ግን ይጠፋበታል። ሁለቱን በአንድ ወቅት ማግኘት አይቻልም። ለወጣት ዛፍ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያለ አበባ እለፉ። በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ከርክማችሁ አዲሱን ቀንበጥ ተዉት፤ አንድ ጣት ያህል ከጠነከረ በኋላ ውሃውን ቀንሱ፣ ቅጠሏ ለምለምነቱን ጥቂት እስኪያጣ ድረስ። አንድ ወር ተኩል ገደማ ቆይቶ ጫፉ ይቀላል። አበባው ሲረግፍ መልሳችሁ ከርክሙ። የእኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበበችው በአራተኛው ዓመቷ ነው። አሥራ አንድ አበባ ቆጠርኩ፤ ጋሼ ግን በዚያ ዓመት ወደ ሀገር ቤት ተመልሰው ስለነበር አላዩአትም። ፎቶ አንሥቼ ላክሁላቸው። «የታችኛው ቅርንጫፍ ረዝሟል» የሚል መልስ መጣልኝ።

ቦንሳይ ምን ያህል ይኖራል ላላችሁኝ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ ባለው የቦንሳይ ሙዚየም ውስጥ ከ1625 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲከረከም የኖረ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ። ያማኪ የሚባል ቤተሰብ በሂሮሺማ ሲንከባከበው ነበር። ኦገስት 6 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምቡ በከተማዪቱ ላይ ሲወድቅ ዛፉ ከፍንዳታው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቅ ነበር፤ ወፍራም የግቢ አጥር ከልሎት ተረፈ። በ1976 አሜሪካ የነፃነቷን 200ኛ ዓመት ስታከብር ጃፓን 53 ቦንሳይ በስጦታ ላከች፤ ማሳሩ ያማኪ የሰጡት ይህ ጥድም ከመካከላቸው ነበረ። የሙዚየሙ ሰዎች ዛፉ ከሂሮሺማ የተረፈ መሆኑን ያወቁት በ2001 የሰውዬው የልጅ ልጆች ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሃያ አምስት ዓመት እንደ ማንኛውም ዛፍ ውሃ ሲያጠጡትና ሲከረክሙት ኖረዋል። የቡገንቪላን ዕድሜ ከጥድ ጋር አላወዳድርም፤ ግን በጣሳ ያለ ነገር ሁሉ ጊዜያዊ ነው ለሚለኝ ሰው ይህን እነግረዋለሁ።

በመጨረሻም ስለ ቁራጮቹ። ከመቀሱ የወደቀውን አትጣሉ። እርሳስ የሚያክል ውፍረትና አንድ ስንዝር ርዝመት ያለውን ምረጡ፤ ቅጠሉን አራግፉ፤ ታችኛውን ጫፍ ከዓይን ሥር በሰያፍ ቁረጡ፤ ሁለት ዓይን አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርጋችሁ በእርጥብ አሸዋ ትከሉና ጥላ ሥር አኑሩ። ላስቲክ ከረጢት ቢለበስላት እርጥበቷን ትጠብቃለች። በሁለትና በሦስት ሳምንት ቅጠል ታወጣለች፤ በዚህ አትታለሉ፤ ያ ግንዱ ከያዘው ስንቅ የወጣ ነው እንጂ ሥር የለም። ሥር ለማውጣት አንድ ወር ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ሥር አወጣች ወይስ አላወጣችም ብሎ የሚጎትት ሰው ይገድላታል። (ማን እንደሚጎትት ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ከኋላ መቀመጫ ነህ።)

የዘንድሮውን ከጥቅምት በፊት አልነካትም። በኅዳር ስመጣ ሃያ ያህል ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አመጣለሁ፤ ለሁሉም ስለማይዳረስ ለሁለት ተማሪ አንድ ይሆናል። ከራሽን የተረፈ የዘይት ጣሳ ያለው ይያዝ። ምስማርና መዶሻ ከእኔ አትጠብቁ፤ ቀዳዳውን በስታችሁ ጠብቁኝ።